ቲጂኤፍ-ቤታን አግደን የጉበት ጠባሳው ለምን አይቀንስም? ስለ ሙከራ ንድፍና ስለ ዒላማ ምርጫ

ጠያቂ፦ ጀማሪ_ተመራማሪ

ሰላም ለሁላችሁም። በጉበት ፋይብሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ላይ እየሠራሁ ነው፤ አንድ ውጤት እንቆቅልሽ ሆኖብኛልና የምታውቁ ብታግዙኝ።

የያዝኩት ውህድ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው ጠባሳ አነሳሽ የምልክት ፕሮቲን የሚያዝበትን ተቀባይ፣ አልክ 5ን፣ የሚያግድ ነው። ኤልኤክስ-2 በሚባሉ የሰው ስቴሌት ሕዋሳት (ጠባሳ የሚሠሩ የጉበት ሕዋሳት) ላይ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ቲጂኤፍ-ቤታ 1 ጨምሬ ውህዱን በ10 ማይክሮሞላር ስሰጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የአልፋ-ኤስኤምኤ (የነቃ ስቴሌት ሕዋስ ምልክት የሆነ ፕሮቲን) እና የኮላጅን 1 ኤምአርኤንኤ በግልጽ ይወርዳል። ሚዲየሙ ላይ ያለው ሴረም 10 በመቶ ነው።

አይጥ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ጉበትን የሚመርዘው ካርቦን ቴትራክሎራይድ 0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎግራም ክብደት፣ በዘይት ተበጥብጦ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆድ ዕቃ ውስጥ ለ6 ሳምንት ይወጋል። ውህዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሰጥ ሁሉም ያምራል፤ ጠባሳው ያንሳል፣ የጉበት ሕዋስ ጉዳትን የሚያሳየው የደም ኢንዛይም ኤኤልቲም ይወርዳል። ከ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ሲሰጥ ግን አልፋ-ኤስኤምኤ ይቀንሳል እንጂ የኮላጅን መጠን የሚለካበት ሃይድሮክሲፕሮሊን ንቅንቅ አይልም።

ጥያቄዬ፦ ቲጂኤፍ-ቤታ የጠባሳው ዋና አዛዥ ከሆነ ኮላጅኑ ለምን አልወረደም? የተሻለ ዒላማ አለ? ወይስ የምለካበት መንገድ ነው ችግሩ?

መልስ 1፦ ማትሪክስ

ሁለቱ መለኪያዎች የሚነግሩዎት ስለተለያየ ጊዜ ነው። አልፋ-ኤስኤምኤና የኮላጅን ኤምአርኤንኤ ሕዋሱ ዛሬ የሚሠራውን ያሳያሉ። ሃይድሮክሲፕሮሊን እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ይቆጥራል። በ4ኛው ሳምንት ፋብሪካውን ቢዘጉትም መጋዘኑ ሞልቷል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማን ያወጣዋል? በዚያ ላይ ካርቦን ቴትራክሎራይዱ አልቆመም።

ሰንሰለቱን ከላይ እንየው። የሄፓቶሳይት (የዋናው የጉበት ሕዋስ) ሞት ኩፕፈር የተባሉትን የጉበት ማክሮፋጆች (በላዒ የመከላከያ ሕዋሳት) ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ሲሲኤል2 በተባለ የጥሪ ምልክት አማካይነት ተቀባዩ ሲሲአር2 ያላቸውን ሞኖሳይቶች ከደም ይጠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ቲጂኤፍ-ቤታና ፒዲጂኤፍ (ሌላ የእድገት ምልክት) በዲሴ ክፍተት (በሄፓቶሳይትና በደም ሥር መካከል ባለው ጠባብ ቦታ) ውስጥ ቫይታሚን ኤ አከማችተው በጸጥታ የሚኖሩትን ስቴሌት ሕዋሳት ያነቃል። ሕዋሳቱ የስብ ጠብታቸውን ያጣሉ፣ አልፋ-ኤስኤምኤ ያበቅላሉ፣ ኮላጅን ያመርታሉ። በአይጥ ላይ በተደረገ የዘር ክትትል ከ82 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት ማዮፋይብሮብላስቶች (ጠባሳውን የሚሠሩ የነቁ ሕዋሳት) የሚመጡት ከእነዚህ ሕዋሳት እንደሆነ ታይቷል። ስለዚህ ሕዋሱን በተመለከተ ዒላማዎ ትክክል ነው።

ቲጂኤፍ-ቤታ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ አንድ ክፍል ብቻ ነው። አልክ 5 ስማድ 2 እና ስማድ 3 የተባሉትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ፎስፌት ያስይዛል፣ እነሱ ከስማድ 4 ጋር ኒውክለስ ገብተው የኮላጅን ጂኖችን ይከፍታሉ። የሕዋሱን መባዛት ግን በዋናነት የሚገፋው ፒዲጂኤፍ-ቢቢ ነው፤ ያ በሌላ ተቀባይ ያልፋል፣ የእርስዎ ውህድም አይነካውም። ሦስተኛው ግፊት ከራሱ ከጠባሳው ይመጣል። ማትሪክሱ (በሕዋሳት ዙሪያ ያለው የክር መረብ) ሲደድር ኢንተግሪኖች (ሕዋሱን ከመረቡ ጋር የሚያያይዙ ፕሮቲኖች) ይወጠራሉ፣ ያፕ የተባለው ፕሮቲን ኒውክለስ ይገባል፣ ሕዋሱም ያለ አዲስ ጉዳት እንኳ ንቁ ሆኖ ይቆያል። በ4ኛው ሳምንት ይህ ዑደት ሥር ሰዷል፤ በመጀመሪያው ቀን ገና አልተፈጠረም። ሁለቱ ቡድኖችዎ የተለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የማፍረሱን ጎን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮላጅንን የሚቆርጡት ኤምኤምፒ ኢንዛይሞች በተጎዳ ጉበት ውስጥም አሉ፤ የሚያስራቸው ከንቁ ስቴሌት ሕዋሳት የሚወጣው ቲምፕ-1 ነው። ቲምፕ-1 ካልወረደ ማፍረስ የለም። በተጨማሪም ሎክስኤል2 የተባለው ኢንዛይምና ዘመዶቹ (የሎክስ ቤተሰብ) ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራሉ፤ የተሳሰረ ክር ለኤምኤምፒ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ያረጀና ሕዋስ የሌለበት ወፍራም ግድግዳ ደግሞ በጭራሽ ላይለቅ ይችላል።

ማክሮፋጆችም ሁለት ፊት አላቸው። ጉዳቱ እየቀጠለ ሳለ ከአይጥ ጉበት ቢወገዱ ጠባሳው ያንሳል፤ ጉዳቱ ቆሞ ጉበቱ ሲያገግም ቢወገዱ ደግሞ ጠባሳው ሳይፈርስ ይቀራል፣ ምክንያቱም ማፍረሻ ኢንዛይሞቹ በብዛት የሚመጡት ከእነሱ ነው። እብጠትን ሁሉ የሚያፍን መድኃኒት በተሳሳተ ሰዓት ሲሰጥ የሚጎዳው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም አጠራጥሮኛል። ከመጀመሪያው ቀን ሲሰጥ ኤኤልቲ ወረደ ብለዋል። አልክ 5ን ማገድ ሄፓቶሳይትን ከመርዙ የሚያድንበት ቀጥተኛ ምክንያት አይታየኝም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ራሱ መርዝ የሚሆነው በሲፕ2ኢ1 ኢንዛይም ወደ ትራይክሎሮሜቲል ራዲካል ሲለወጥ ነው። ውህድዎ ይህን ኢንዛይም እያገደ ከሆነ፣ ያዩት ጠባሳን የመከላከል ሥራ ሳይሆን መርዙን የማክሸፍ ሥራ ነው። በዚህ ሞዴል ውስጥ እንደዚህ ያሳሳቱ ውህዶች ጥቂት አይደሉም።

መልስ 2፦ ቤተ_ሙከራ

በማትሪክስ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው የአሠራሩን ዝርዝር ነው፤ ምክንያቱም የሕዋሱም ሙከራ ቢሆን ገና አላሳመነኝም።

ኤልኤክስ-2 ገና ሳይነካ ከፊሉ የነቃ የሕዋስ መስመር ነው። የሚያድግበት ፕላስቲክ በጊጋፓስካል የሚለካ ድድርና ሲኖረው ጤነኛ ጉበት ከጥቂት ኪሎፓስካል አያልፍም። ስለዚህ "ከእንቅልፍ ወደ ንቃት" የሚለውን ሽግግር በዚህ መስመር ማጥናት አይቻልም። ለዚያ የሚሆነው ከአይጥ ጉበት በፕሮኔዝና ኮላጅኔዝ ተለይቶ፣ በዴንሲቲ ግራዲየንት የተንሳፈፈ ትኩስ ስቴሌት ሕዋስ ነው። የቫይታሚን ኤ ጠብታው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሰማያዊ አረንጓዴ ያበራል፤ ብርሃኑ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ ፎቶውን አያዘግዩ። ለስላሳ ጄል ላይ ቢያሳድጓቸው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

10 በመቶ ሴረም ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታም ፒዲጂኤፍም አለ። ከማነቃቃትዎ በፊት ሕዋሳቱን ከ0.2 እስከ 0.5 በመቶ ሴረም ባለው ሚዲየም ከ16 እስከ 24 ሰዓት ያስርቡ። ማገጃውን ከቲጂኤፍ-ቤታ 30 ወይም 60 ደቂቃ አስቀድመው ይጨምሩ። ዒላማው መመታቱን የሚያሳየው የስማድ 2 ፎስፎሪሌሽን ስለሆነ በ30 እና በ60 ደቂቃ ይለኩት፤ በ24 ሰዓት ቢፈልጉት ያመልጥዎታል። ኤምአርኤንኤ በ24፣ ፕሮቲን በ48፣ ወደ ሚዲየም የወጣ ኮላጅን በ72 ሰዓት። ለኮላጅኑ ልኬት አስኮርቢክ አሲድ ያስፈልጋል፤ ቀጥታ አስኮርቤት ሚዲየም ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ የፎስፌቱን ዓይነት በ50 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ይጠቀሙ። እሱ ከሌለ ፕሮሊን ሃይድሮክሲሌዝ አይሠራም፣ ሦስቱ ሰንሰለቶች በደንብ አይጠመጠሙም፣ ሕዋሱም ኮላጅኑን አያወጣም። ከዚያ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል።

10 ማይክሮሞላር ብቻውን ምንም አይናገርም። የዚህ ዓይነት ኪኔዝ ማገጃዎች ብዙዎቹ በአሥርና በመቶ ናኖሞላር ነው የሚሠሩት፤ 10 ማይክሮሞላር ላይ ሌሎች ኪኔዞችንም ይይዛሉ። ከ0.01 እስከ 10 ማይክሮሞላር ያለውን ኩርባ ያውጡ። የስማድ 2 ኩርባና የኮላጅን ኩርባ ካልተገጣጠሙ ውጤቱ የአልክ 5 አይደለም። የሞተ ሕዋስም ኮላጅን አያመርትምና ኤምቲቲና ኤልዲኤች (የሕዋስ ሕይወትና ሞት መለኪያዎች) አብረው ይለኩ፤ ዲኤምኤስኦ ከ0.1 በመቶ አይለፍ። የቲጂኤፍ-ቤታው ዱቄት በ4 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር አልቡሚን ተጨምሮ ይሟሟል፤ ያለ አልቡሚን ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ደጋግሞ ማቅለጥም ያደክመዋል።

አሁን ወደ አይጡ። የጎደለዎት ትልቁ ነገር በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ውህዱ ከመጀመሩ በፊት፣ የሚታረድ ቡድን ነው። እሱ ከሌለ "አልቀነሰም" ማለትና "መጨመሩ ቆመ" ማለት አይለዩም። በ4ኛው ሳምንት ከነበረው እኩል ሆኖ፣ ካልታከመው የ6 ሳምንት ቡድን ካነሰ፣ መድኃኒቱ ጭማሪውን አቁሟል ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

የሲፕ2ኢ1ን ጥርጣሬ ለማጣራት ጠባሳ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ብቻ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ለሁለት ቡድን ይስጡ፣ አንዱ ውህዱን አስቀድሞ ይውሰድ፤ በ24 ሰዓት ኤኤልቲና በማዕከላዊ ደም ሥር ዙሪያ ያለውን የሕዋስ ሞት ያወዳድሩ። ከተለያዩ ውህዱ መርዙን እየነካው ነው። መርዙን በመስታወት ዕቃ ብቻ፣ በጭስ መሳቢያ ሥር ያዘጋጁ፤ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል፣ ያኔ መጠኑም ይዛባል። የእንስሳቱ እርድ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፣ በሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት። ከዚያ ቀደም ካረዱ አጣዳፊውን ጉዳት ነው የሚለኩት።

ለሃይድሮክሲፕሮሊን ሁልጊዜ አንዱን ሎብ ይጠቀሙ፤ ጠባሳው እኩል ስለማይሰራጭ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ይውሰዱ። 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌሊቱን። ክዳኑ ጠብቆ ካልተዘጋ አሲዱ ይተናል፣ ናሙናውም ይከስላል። ከዚያ በኋላ ግን አሲዱ በደንብ ካልተነነ ወይም ገለልተኛ ካልተደረገ ቀለሙን የሚያመጣው ክሎራሚን ቲ በትክክል አይሠራም፤ ከዚህ ልኬት ችግር ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ደረጃ ነው። ንባቡ ከ550 እስከ 560 ናኖሜትር ነው። ውጤቱን በግራምም በጠቅላላ ጉበትም ይጻፉት፣ መድኃኒቱ የጉበቱን ክብደት ከለወጠ አንዱ ብቻ ያሳስታል። ሲሪየስ ሬድ (ኮላጅንን የሚያቀላ ቀለም) ሲቀቡ በአሲድ በተጨመረ ውኃ ይጠቡ፤ ተራ ውኃ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በምስል ትንተና ላይ ትልልቅ የደም ሥሮችን ያስወግዱ፣ ገደቡን አንዴ ወስነው ለሁሉም ስላይድ አይቀይሩ፣ የሚቆጥረው ሰውም ቡድኑን አይወቅ።

ጀማሪ_ተመራማሪ

በጣም አመሰግናለሁ። የ4ኛው ሳምንት ቡድን የለኝም፤ የሲፕ2ኢ1ውንም አላጣራሁም። ሁለቱንም እጨምራለሁ። አንድ ልጠይቅ፦ ትስስሩ ነው ችግሩ ከተባለ የሎክስ ማገጃ፣ ለምሳሌ ቤታ-አሚኖፕሮፒዮናይትራይል፣ አብሬ ብሰጥስ? በሰው ላይ የትኛው ዒላማ እንደሠራም ብትነግሩኝ።

መልስ 3፦ ክሊኒካል_ሙከራ

ስለ ሎክስ ልጀምር። ቤታ-አሚኖፕሮፒዮናይትራይል መላውን የሎክስ ቤተሰብ ያግዳል፤ የደም ቧንቧ ግድግዳና የአጥንት ኮላጅንም ስለሚዳከም እንስሳቱ የአኦርታ መቀደድ ሊያጋጥማቸው ይችላል፣ ክብደትና ድንገተኛ ሞት ይከታተሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን አዲስ ትስስርን ይከለክላል እንጂ የተሳሰረውን አይፈታም። ሥራውን ለማየት ጠቅላላ ሃይድሮክሲፕሮሊን አይበቃም፤ ኮላጅኑን በተራ በጨው፣ በአሴቲክ አሲድ፣ በፔፕሲን እያወጡ የማይሟሟው ክፍል ስንት እንደሆነ ይለኩ።

ይህ መንገድ በሰው ላይ ተሞክሯል። ሲምቱዙማብ የሎክስኤል2 ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በስብ ጉበት ምክንያት ከባድ ፋይብሮሲስ ወይም ሲሮሲስ (የመጨረሻ ደረጃ ጠባሳ) ባለባቸው ታማሚዎች ላይ ምንም ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። ዒላማው ውሸት ነበር ለማለት አልደፍርም። ታማሚዎቹ ትስስሩ ካለቀ በኋላ የመጡ ናቸው፣ የበሽታው መንስኤም ሳይነካ ነበር መድኃኒቱ የተሰጠው።

ሌሎቹም በዚያው ጎዳና ሄደዋል። ሴሎንሰርቲብ አስክ 1 የተባለው ኢንዛይም ማገጃ ነው፤ ስቴላር 3ና ስቴላር 4 በሚባሉት ትልልቅ ሙከራዎች በ2019 ወደቀ። ሴኒክሪቪሮክ ሲሲአር2ንና ሲሲአር5ን ያግዳል፤ በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ዓመት ላይ ተስፋ አሳየ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ውጤት ስለሌለ ተቋረጠ። ማክሮፋጅ ሁለት ፊት አለው የተባለውን እዚህ ላይ ያስታውሱ። ኦቤቲኮሊክ አሲድ ኤፍኤክስአር በተባለው የሐሞት አሲድ ተቀባይ በኩል በ25 ሚሊግራም 23 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጠባሳውን በአንድ ደረጃ አሻሻለ፣ ፕላሴቦ ደግሞ 12 በመቶ፤ ነገር ግን ማሳከኩና የኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) መጨመሩ ስላመዘነ ለስብ ጉበት ፈቃድ አላገኘም።

የተሳካላቸውን ስናይ አብዛኞቹ ስቴሌት ሕዋስን በቀጥታ አይነኩም። ሬስሜቲሮም በሄፓቶሳይት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ቤታ ተቀባይ ያነቃል፤ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። በ52 ሳምንት የጠባሳ መሻሻል በ80 ሚሊግራም 24.2፣ በ100 ሚሊግራም 25.9፣ በፕላሴቦ 14.2 በመቶ ነበር። ሴማግሉታይድ በሳምንት 2.4 ሚሊግራም በ72 ሳምንት 36.8 በመቶ፣ ፕላሴቦው 22.4 በመቶ፤ ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ተፈቀደ። ሁለቱም ለኤፍ2ና ለኤፍ3 (ለመካከለኛና ለከባድ) የጠባሳ ደረጃ ነው፣ ለሲሮሲስ አይደለም። የፕላሴቦው ቁጥር ከፍ ማለቱን ልብ ይበሉ፤ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና የጉበቱ 50,000ኛ ክፍል ያህል ስለሆነ ደረጃው በዕድል ብቻ አንድ ይወጣል ወይም ይወርዳል።

ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ ከሄፓታይተስ ቢ ነው። ቴኖፎቪር ለ5 ዓመት ወስደው በመጀመሪያም በመጨረሻም ባዮፕሲ ከተደረገላቸው መካከል ሲሮሲስ የነበረባቸው 96 ነበሩ፤ 71ዱ፣ ማለትም 74 በመቶ፣ በ5ኛው ዓመት ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። ቴኖፎቪር ፀረ ጠባሳ መድኃኒት አይደለም። ቫይረሱን ዝም አሰኘው፣ ቀሪውን ጉበቱ ራሱ ሠራ፣ ግን 5 ዓመት ፈጅቶበታል። ከእርስዎ ሁለት ሳምንት ጋር ያወዳድሩት።

መልስ 4፦ ማትሪክስ

ክሊኒካል_ሙከራ ከጻፈው ውስጥ በአንድ ነገር አልስማማም፤ ስቴሌት ሕዋስን በቀጥታ መምታት የሞተ ሐሳብ ተደርጎ እንዳይወሰድ። መንስኤው የማይወገድላቸው ታማሚዎች ብዙ ናቸው፣ የሐሞት ቧንቧ በሽታ ያለባቸውን ይመልከቱ።

ቲጂኤፍ-ቤታን በመላ ሰውነት ማገድ ግን እኔም አልመክርም። ቲጂኤፍ-ቤታ 1 የሌላት አይጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመላ ሰውነት እብጠት ትሞታለች፣ የአልክ 5 ማገጃዎችም በእንስሳት ላይ የልብ ቫልቭ ጉዳት አሳይተዋል። ቲጂኤፍ-ቤታ ማትሪክሱ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው፤ ሽፋኑን ጎትተው የሚከፍቱት በአልፋ-ቪ የሚጀምሩት ኢንተግሪኖች ናቸው። አልፋ-ቪን ከስቴሌት ሕዋሳት ብቻ ማጥፋት አይጦችን ከካርቦን ቴትራክሎራይድ ጠባሳ ጠብቋል፤ ትንሽ ሞለኪውል ማገጃውም ጠባሳው ከጀመረ በኋላ ተሰጥቶ ሠርቷል። ሌላው ኤችኤስፒ47 ነው፣ ኮላጅን በትክክል እንዲጠመጠም የሚረዳው ፕሮቲን። አጭር አርኤንኤው ቫይታሚን ኤ በተለጠፈበት ሊፖሶም ተጭኖ ይሰጣል፤ ቫይታሚኑን የሚሰበስበው ስቴሌት ሕዋስ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደዚያው ያመራል።

ለጀማሪ_ተመራማሪ፦ ሎክስን ከመጨመርዎ በፊት ካርቦን ቴትራክሎራይዱን በ6ኛው ሳምንት ያቁሙና ውህዱን በማገገሚያው ጊዜ ብቻ ይስጡ፣ እንስሳቱም በ1፣ በ2 እና በ4 ሳምንት ይታረዱ። በእያንዳንዱ ነጥብ ባዶ ማሟሟቻ ብቻ የወሰደ ቡድን ይኑርዎት፤ የአይጥ ጠባሳ ጉዳቱ ሲቆም በራሱ ስለሚፈርስ ጥያቄው ፈረሰ ወይ ሳይሆን ቶሎ ፈረሰ ወይ ነው። ቲምፕ-1ን፣ ኤምኤምፒ-12ንና ኤምኤምፒ-13ን አብረው ይለኩ። አልፋ-ኤስኤምኤ ሲጠፋም ሕዋሱ ሞተ ብለው አይደምድሙ፤ ጉዳቱ ሲቆም ከነቁት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሳይሞቱ ወደ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ይመለሳሉ፣ በሚቀጥለው ጉዳትም ከበፊቱ ፈጥነው ይነቃሉ። ይህን ለመለየት በመጨረሻ ላይ ለአንድ ቡድን ሁለት የካርቦን ቴትራክሎራይድ መርፌ ደግመው ይስጡና የኮላጅን ኤምአርኤንኤ ምን ያህል እንደሚዘል ይዩ።